መጨረሻ ያለው ዜና

ዜና ሰዓት ነበረው። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ያደገ ትውልድ ያንን ሰዓት አይረሳውም፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት። የመግቢያው ሙዚቃ ሲሰማ ልጆች "ዝም በሉ!" ይባላሉ፤ አባት ወንበሩን ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ያደርጋል፤ እናት ከጓዳ ሆና "ምን አሉ?" ትላለች፤ ቴሌቪዥን የሌለው ጎረቤትም ደፍ ላይ ቆሞ ይሰማል። የአገር ውስጥ፣ የውጭ፣ ስፖርት፣ የአየር ጠባይ። ከዚያ ያልቃል። የተሰማው ነገር እራት ላይ ይነሳል፤ አጎት ይከራከራል፤ አባት የበኩሉን ይላል፤ ጨዋታው ቀስ እያለ ወደ ቤት ጉዳይ ይዞራል። ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ ዳንቴሉን ይለብሳል። እስከ ነገ ምሽት ድረስ ማንም ተነስቶ "አዲስ ነገር ይኖር ይሆን?" እያለ አይከፍተውም።

ያ ዜና ጥሩ ዜና ነበር ማለቴ አይደለም። ብዙ ያልተነገረ፣ ብዙም የተቀባባ ነገር ነበረበት። ሰው የሬዲዮውን ድምፅ ዝቅ አድርጎ በአጭር ሞገድ የአሜሪካ ድምፅንና የዶይቸ ቬለን የአማርኛ ዝግጅት ያሳድድ የነበረው በከንቱ አልነበረም። ዛሬ ምርጫው በዝቷል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ማንንም ወደ አንድ ጣቢያ ዘመን ተመለስ አልልም። ነገር ግን የሁለት ሰዓቱ ዜናም፣ የአጭር ሞገዱ ስርጭትም፣ ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ሳምንታዊ ሆኖ የጀመረው አዲስ ዘመን ጋዜጣም አንድ የጋራ ጠባይ ነበራቸው፤ ያልቃሉ። ካለቁ በኋላ ያለው ጊዜ የአድማጩ ነበር። የሰማውን ያብላላበታል፣ ያምንበታል ወይም ይጠራጠረዋል፣ ከዚያም ይተወዋል። ዛሬ ብዙዎቻችንን የሚያደክመን የዜናው ክፋት ብቻ አይመስለኝም። ክፉ ዜና ድሮም ነበር። የሚያደክመን አለማለቁ ነው። በዚህ ምዕራፍ የምለው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው፤ ዜናን መተው አይጠበቅብንም፤ መጨረሻውን ግን ራሳችን ልናበጅለት ይገባል።

ዜና ጨርሶ የማይኖርበት ምሽትም ነበር። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 18 ቀን 1930፣ በምዕራባውያኑ አቆጣጠር የስቅለት ዕለት፣ የቢቢሲ አንባቢ ማይክሮፎኑ ፊት ቀርቦ ዛሬ ዜና እንደሌለ ለአድማጩ ተናገረ። የቀረው ጊዜ በፒያኖ ሙዚቃ ተሞላ። ይህን ታሪክ የሚያነሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ እየሳቁ ነው የሚያነሱት፤ እኔ ግን በቁም ነገር ነው የማየው። ዓለም በዚያ ቀን ጸጥ አላለችም። በዚያው ዕለት ሩማኒያ ውስጥ ኮስቴሽቲ በተባለ መንደር ቤተ ክርስቲያን ተቃጥሎ ከመቶ በላይ ሰው አልቋል፤ በዚያው ሌሊት ደግሞ በቺታጎንግ የሕንድ ነፃነት ታጋዮች የእንግሊዝን የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ወርረዋል። ሁለቱም ነገሮች ኋላ ታውቀዋል፣ ታሪክ ሆነው ተጽፈዋል። በዚያ ምሽት ፒያኖ ሲሰማ ያመሸው የለንደን ሰው ዜናውን ዘግይቶ በመስማቱ ለሟቾቹም፣ ለታጋዮቹም፣ ለራሱም ያጎደለው ነገር የለም። አዘጋጆቹም ለአየር የሚበቃ ነገር በእጃቸው ባልነበረ ጊዜ አልፈበረኩም። በእኔ ግምት ትክክለኛ ሥራ ሠርተዋል።

ዜና ያልቅበት የነበረው ድንበር በአንድ ቀን አልፈረሰም። እ.ኤ.አ. በሜይ 1844 ሳሙኤል ሞርስ ከዋሽንግተን ወደ ባልቲሞር ዝነኛውን የቴሌግራፍ መልእክት ሲልክ፣ ወሬ ከፈረስና ከመርከብ ቀድሞ በአህጉር ላይ መሮጥ ቻለ። አሜሪካዊው የመገናኛ ብዙኃን ሐያሲ ኒል ፖስትማን እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው መጽሐፍ በዚህ ነጥብ ላይ ቆም ብሎ ያሰላስላል። ከቴሌግራፍ በፊት ሰው የሚሰማው ዜና በአብዛኛው አንድ ነገር ሊያደርግበት የሚችለው ዜና ነበር፤ ወንዙ ሞላ፣ እህል ተወደደ፣ እገሌ አረፈ። ቴሌግራፉ ግን ሰው ምንም ሊያደርግበት የማይችለውን ዜና ከየአገሩ እያጋዘ አመጣለት። በምናውቀውና በምናደርገው መካከል የነበረው ሚዛን የተዛባው ያኔ ነው ይላል ፖስትማን። ይህን የጻፈው በየኪሱ ስልክ ከመግባቱ ብዙ ዓመታት በፊት ነው።

ቀጥሎ ቴሌቪዥኑ ሌሊቱን ወሰደ። ቴድ ተርነር እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 1980 በአትላንታ ሲኤንኤንን ሲከፍት፣ ጣቢያው ዓለም እስክታልፍ ድረስ ስርጭቱን እንደማያቋርጥ ተናገረ። ለዚያች የመጨረሻ ቀን የሚሆን ፊልም ሳይቀር አስቀርጾ ነበር፤ የወታደር ባንድ መዝሙር ሲጫወት የሚያሳይ አጭር ፊልም። ሃያ አራት ሰዓት ዜና የሚያስተላልፍ ጣቢያ የሚያበቃበትን ሰዓት ሲያስብ ያገኘው የዓለምን ፍጻሜ ብቻ ነበር። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2006 ኤዛ ራስኪን የተባለ ንድፍ ሠሪ ገጽ ቢያንሸራትቱት የማያልቅበትን ዘዴ ፈጠረ። ቀድሞ ገጹ ሲያልቅ "ቀጣይ" የሚል ቦታ መጫን ነበረብን፤ በዚያች ቅጽበት ሰው "ይበቃኛል" ሊል ይችል ነበር። ያቺ ቅጽበት ጠፋች። ራስኪን ራሱ ኋላ ላይ በሠራው ነገር መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል።

ከዚህ ሁሉ ጋር ሳነጻጽረው ደጋግሞ የሚገርመኝ በእኛው አገር ያለ ሥርዓት ነው፤ የአፋሮች ዳጉ።

ሁለት አፋሮች በረሃ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ብቻ ተለዋውጠው አይተላለፉም። ጥላ ፈልገው ይቀመጣሉ፤ ግመሎቹም ይቆማሉ። አንዱ ከየት እንደተነሳ፣ በየት እንዳለፈ፣ በመንገዱ ምን እንዳየ ይናገራል። ሌላው ሳያቋርጥ ይሰማል፤ ከዚያ ይጠይቃል። ዝናብ የት ጣለ? ሣር የት አለ? የትኛው ጉድጓድ ውሃ ያዘ? በከብቱ ላይ በሽታ ታየ ወይ? በየት በኩል ጠብ አለ? እንግዳ ሰው አለፈ ወይ? ተናጋሪው በዐይኑ ያየውንና ከሌላ የሰማውን ለይቶ መናገር አለበት፤ የሰማው ከሆነ ደግሞ ከማን እንደሰማ ይጠየቃል። ሐሰት ያወራ ሰው በማኅበረሰቡ ዘንድ ይነወራል፤ ዳጉ መስጠትም መቀበልም ግዴታ ስለሆነ የዋሸበት ነገር በየመንገዱ ይከተለዋል። ተራው ይለወጣል፤ ሁለተኛውም የራሱን ይናገራል። ሲጨርሱ ተነስተው ይሄዳሉ። አንዱ መንጋውን ወደ ሰማው ሣር ይነዳል፤ ሌላው ጠብ ያለበትን መንገድ ትቶ ይዞራል።

ዳጉ ፈጣን መሆኑን ብዙ ሰው ያነሳል፤ ከሬዲዮ ይቀድማል ይባላል። እኔን ግን ይበልጥ የሚማርከኝ ዝግታው ነው። ዜና ለመለዋወጥ መቀመጥ ያስፈልጋል። ሌላ ሥራ እየሠሩ፣ እየበሉ፣ ልጅ እያጫወቱ ዳጉ የለም። ተናጋሪው ፊት አለው፣ ጎሣ አለው፣ ነገ የሚገኝበት ቦታ አለው። የሚባለውም ነገር ሰሚው ነገ ጠዋት ለሚወስነው ውሳኔ የሚሆን ነው። ፖስትማን ጠፋ ያለው ሚዛን እዚህ አልጠፋም።

አሁን ይህን በልባችን ይዘን የእኛን ምሽት እንየው። አመሻሹ ላይ አንድ የቴሌግራም ቻናል "ሰበር" ብሎ አንድ መስመር ይለጥፋል፤ እገሌ ከተማ መግቢያ ላይ መንገድ ተዘግቷል። ምንጭ የለውም። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሌሎች ቻናሎች ያንኑ መስመር ይገለብጡታል፤ አሁን "ከተለያዩ ምንጮች" የተገኘ ይመስላል። ስክሪንሹቱ ወደ ፌስቡክ ይሄዳል፤ አንዱ "ይሄ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው" ይላል፤ ሌላው ይሰድበዋል፤ ኮሜንቱ ይሞላል። ሌሊት ላይ የዩቲዩብ ቪዲዮ ይወጣል፤ ሽፋኑ ላይ በቀይ የተጻፈ ርእስ፣ ሁለት የተፋጠጡ ባለሥልጣናት ፎቶ፣ አንድ ትልቅ ቀስት። ግማሽ ሰዓት የሚፈጀው ቪዲዮ ውስጥ ያለው መረጃ የመጀመሪያዋ መስመር ብቻ ናት፤ የቀረው "እንደምታስታውሱት" እና "ሰብስክራይብ ማድረግ አትርሱ" ነው። ቲክቶክ ላይ ሁለት ቡድን ላይቭ ገብቶ እስከ እኩለ ሌሊት ይካረራል። በነጋታው ረፋድ ላይ የተጣራው ነገር ይወጣል፤ መኪና ተገልብጦ መንገዱ ለጥቂት ሰዓት ተዘግቶ ነበር፤ ተከፍቷል።

ይህን ሁሉ የተከታተለ ሰው ምሽቱን ሙሉ ደሙ ሲፈላ አምሽቷል። ልጁ ያሳየውን ደብተር ሳያየው "ጎበዝ" ብሎታል። ሲተኛም ልቡ አልተኛም። በነጋታው ማታ አንድ ጊዜ ብቻ ያነበበ ሰው ግን በሁለት ደቂቃ ትክክለኛውን ነገር ያውቃል። ልብ በሉ፤ ዘግይቶ ያወቀው ሰው ነው የተሻለ ያወቀው።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2017 በትዊተር የተሠራጩ ወሬዎችን መርምረው በ2018 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ እውነተኛው ወሬ 1,500 ሰው ዘንድ ለመድረስ ከሐሰተኛው ስድስት እጥፍ ያህል ጊዜ እንደሚፈጅበት አሳይተዋል። በሌላ አባባል በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ስልኩን የሚከፍት ሰው ሐሰቱን አስቀድሞ የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ አፕወርዚ የተባለ ድረ ገጽ የሞከራቸውን ከ100,000 በላይ የርእስ ዓይነቶች አጥንቶ፣ በርእሱ ላይ የምትጨመር እያንዳንዷ አሉታዊ ቃል ርእሱን የሚጫኑትን ሰዎች ድርሻ 2.3 በመቶ ያህል ከፍ እንደምታደርግ አገኘ። ያ ቀይ ጽሑፍና ያ ቀስት ለምን እንደማይጠፉ ከዚህ ይገባናል። የሚሠሯቸው ሰዎች ሁሉ ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ ጣታችን ወደ አስፈሪው ነገር ስለሚሮጥ ነው፣ ገንዘቡም የሚቆጠረው በጣታችን ልክ ስለሆነ ነው።

በሰውነታችን ላይ የሚያደርሰው ነገር ግን ከዚህም ይከፋል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2013 በቦስተን ማራቶን መድረሻ መስመር አጠገብ ሁለት ቦምቦች ፈነዱ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን የሚሠሩ ተመራማሪዎች በቀጣዮቹ ሳምንታት 4,675 አሜሪካውያንን ጠየቁ። ከመካከላቸው በፍንዳታው ቦታ ወይም በአካባቢው የነበሩ ሰዎች ነበሩ፤ ፍንዳታውን በዜና ብቻ የተከታተሉም ነበሩ። ውጤቱ አጥኚዎቹን ራሳቸውን ያስገረመ ነበር። ከፍንዳታው በኋላ በነበረው ሳምንት በቀን ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ስለ ጥቃቱ ሲያዩና ሲሰሙ የቆዩት ሰዎች፣ በቦታው ከነበሩት ይልቅ ከፍ ያለ የድንጋጤ ምልክት ታየባቸው። እንቅልፍ ማጣት፣ መበርገግ፣ ያላሰቡት ምስል ወደ አእምሮ መምጣት። በቦታው የነበረው ሰው ፍንዳታውን የሰማው አንዴ ነው። በስክሪን የተከታተለው ግን በቀን መቶ ጊዜ አፈነዳው።

ይህን ጥናት ባሰብኩ ቁጥር የእኛ ነገር ይመጣብኛል። ባለፉት ዓመታት በየስልካችን የተላኩልንን ምስሎች አስቡ። የሞተ ሰው ፊት፣ የተቃጠለ ቤት፣ እናት ስታለቅስ። "አይታችሁ ፍረዱ" ተብሎ ይላካል፤ ሼር አድርጉ ይባላል። ላኪው ግፉ እንዲታወቅለት ፈልጎ ነው፤ ይህን እረዳለሁ፤ አከብራለሁም። ግን ከአንድ እውነተኛ ምስክርነት በኋላ የሚመጣው ሃምሳኛው ቪዲዮ እውቀት አይጨምርም። አንድም ሙሾ አውራጅ ሌሊቱን ሁሉ፣ ሳምንቱን ሁሉ፣ ዓመቱን ሁሉ አያለቅስም፤ ለቅሶም ቢሆን ሰልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ እያለ ቀን የተቆረጠለት ሰው በኀዘን እንዳይጠፋ ነው። ለስልካችን ለቅሶ ቀን የቆረጠለት የለም።

እዚህ ላይ በርትቶ የሚነሳ ተቃውሞ አለ፤ ቸል ብዬ ላልፈው አልችልም። "አገር በችግር ላይ እያለ፣ ወገን እየሞተ፣ ዜና ቀንሼ ልረጋጋ ማለት ራስ ወዳድነት አይደለም ወይ?" ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ጊዜ ቤተሰቡ በአደጋ አካባቢ ያለ ሰው ነው። ለእሱ ዜና የቅንጦት ነገር አይደለም። የትኛው መንገድ እንደተከፈተ፣ ትምህርት ቤት መቼ እንደሚጀመር፣ ነዳጅ የት እንዳለ ካላወቀ ይጎዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ዜናውን ያልሰማ ነጋዴ በዚያው ሳምንት ኪሳራ ላይ ሊወድቅ ይችል ነበር። ስለዚህ "ዜና ምን ይጠቅመኛል" የሚለው ምክር ከስዊዘርላንድ ወይም ከካሊፎርኒያ ሲመጣ በእኛ አፍ ላይ አይጣፍጥም።

ዜና ማጣትም ምን እንደሆነ አይተናል። ጦርነቱ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ ከጀመረ በኋላ፣ ስምምነቱ በፕሪቶሪያ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. እስኪፈረም ድረስ ለአብዛኛው ጊዜ ስልክና ኢንተርኔት በክልሉ ተቋርጦ ነበር። በአዲስ አበባም፣ በዋሽንግተንም፣ በቴል አቪቭም፣ በሪያድም እናቱ ትኑር ትሙት ሳያውቅ ወራት የገፋ ሰው አለ። ያ ጸጥታ ዕረፍት አልነበረም። የዘመድ ወሬ ማጣት ከክፉ ወሬ ይከብዳል። እንግዲህ ዜና መቀነስ የምለውን ማንም ከዚህ ጋር እንዳያደባልቅብኝ እለምናለሁ። የተከለከለ ሰው ሌላ ነው፣ የመጠነ ሰው ሌላ ነው።

ግን ያንኑ ዘመን አጠገቡ ሆነን ስንመለከተው ሌላም ነገር እናያለን። ስለ እናቱ የሚያውቀው ነገር ያጣ ሰው ቀኑን ሙሉ ዩቲዩብ ላይ ተጥዶ ይውላል። እዚያ ግን የእናቱ ስም የለም። ያለው የጄኔራሎች ስም፣ የግንባር ስም፣ የተማረከ ታንክ ቁጥር ነው፤ ከዚህኛው ወገን ሲሰማ አንድ ነገር፣ ከዚያኛው ሲሰማ ተቃራኒው። ስለ እናቱ የነገረው በመጨረሻ ማን ነው? ከመንደሩ በእግር የወጣ ሰው፣ በቀይ መስቀል በኩል የደረሰ መልእክት፣ የዘመድ ዘመድ። ማለትም ዳጉ። የልቡ ጥያቄ የተመለሰው በሰው ነው፤ ስክሪኑ የሰጠው ነገር ቢኖር ጥያቄውን ማቀጣጠያ ብቻ ነው።

ውጭ አገር ያለው ወገናችን ደግሞ የተለየ ፈተና አለበት። የዋሽንግተን ሰዓት ከአዲስ አበባ በበጋቸው ሰባት፣ በክረምታቸው ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነቃ የአገር ቤት ቀን አጋምሶ ብዙ ወሬ ተከማችቶ ይጠብቀዋል፤ ሌሊት ሊተኛ ሲል ደግሞ አዲስ አበባ ነግቶ አዲስ ወሬ ይጀምራል። ታክሲ የሚነዳው፣ በሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ የምትሠራው፣ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ የሚያድረው ብዙ ነው። በሁለት አገር ሰዓት መኖር ይባላል ይህ። ለእነዚህ ሰዎች "ማታ አንድ ጊዜ ስሙ" ማለት አይበቃም፤ የትኛው ማታ? ለእነሱ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ከዜናው በፊት ሰው ይደወል። ለእናት፣ ለእህት፣ ለአብሮ አደግ። አሥር ደቂቃ የእናት ድምፅ ስለ አገር ቤት የሚነግራችሁን ሦስት ሰዓት ትንታኔ አይነግራችሁም፤ ሽንኩርት ስንት እንደገባ፣ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ከጎረቤት ማን እንደሄደ፣ ማን እንደተመለሰ። ከሰማችሁት ውስጥ ልታደርጉበት የምትችሉት ነገርም አይጠፋም።

መቀነስ ይቻላል ወይ? ይቻላል፤ ዋጋም አለው። እ.ኤ.አ. በ2018 ከአሜሪካ የአጋማሽ ዘመን ምርጫ በፊት የስታንፎርድና የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች በጥናቱ ከተሳተፉት ሰዎች የተወሰኑትን በዕጣ መርጠው ለአራት ሳምንት ፌስቡክን እንዲያጠፉ ከፈሏቸው። በአማካይ በቀን አንድ ሰዓት ያህል ተረፋቸው፤ ከቤተሰብና ከጓደኛ ጋር የሚያሳልፉት ጊዜ ጨመረ፤ የፖለቲካ አቋማቸው ጽንፍ ያዥነት ቀነሰ፤ ደስታቸውም ትንሽ ቢሆንም በሚለካ ደረጃ ከፍ አለ። ሙከራው ካለቀም በኋላ ብዙዎቹ እንደ ድሮው አልተመለሱበትም። በሌላ በኩል ስለ ወቅታዊ ዜና ያላቸው እውቀት ቀንሶ ተገኘ። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። የዜና እውቀት ይቀንሳል፤ እኔ የምለው የሚቀንሰው እውቀት አብዛኛው በወሩ መጨረሻ ማንም የማያስታውሰው ነው፤ የተረፈው ሰዓት ግን በቀን አንድ ሰዓት ነው።

ጨርሶ መሸሽን ግን አልመክርም። የሮይተርስ የጋዜጠኝነት ጥናት ተቋም በብዙ አገሮች በሚያደርገው ዓመታዊ ጥናት ዜናን አንዳንዴም ይሁን ብዙ ጊዜ ሆን ብለው እንደሚሸሹ የተናገሩት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ከመቶ 29 ነበሩ፤ በ2024 39 ደረሱ። ይህ የመረጋጋት ምልክት አይመስለኝም፤ የመሰልቸትና የመታከት ምልክት ነው። የሸሸ ሰው ስለ አገሩ መወሰን ሲገባው ባዶ እጁን ይቆማል፤ ለአሉባልታም ይበልጥ ይጋለጣል።

በጾም ወራት ፌስቡክና ቲክቶክን የሚተዉ የማውቃቸው ሰዎች አሉ፤ በዐቢይ ጾምም በረመዳንም። ልማዱ ያማረ ነው። ከውስጡ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ፤ መከልከል የሚቻል መሆኑን፣ ሲከለከሉም ዓለም እንደማይፈርስ። ግን ብዙዎቹ በፋሲካ ወይም በዒድ ማግስት ወደ ቀድሞው ይመለሳሉ፤ በጾሙ የቀረባቸውን በአንድ ሳምንት ለማካካስ ይመስላሉ። ስለዚህ ከረጅሙ ጾም ይልቅ ትንሿን የየዕለት ድንበር እመርጣለሁ። ለዜና አንድ ሰዓት መቁረጥ። ጠዋት ዐይን እንደተገለጠ አይሁን፤ ገና ያልነቃ ልብ ምንም ነገር ላይ አይፈርድም። ከመኝታ በፊትም አይሁን። ከሥራ መልስ፣ ከእራት በፊት ጥሩ ጊዜ ነው። ከቪዲዮ ይልቅ የተጻፈ ነገር ይሻላል፤ ዐይን የማይጠቅመውን ዘልሎ ማለፍ ይችላል፤ ጽሑፍ ያልቃል፤ ቪዲዮው ግን ሲያልቅ ሌላ ቪዲዮ በራሱ ይጀምራል። ሁለት የማይመሳሰሉ ምንጮች ይበቃሉ። እኔ ሳምንታዊ ትንታኔ የሚያወጣ አንድ ጋዜጣና አንድ የዕለት ዜና ምንጭ ይዣለሁ፤ ከዚያ ውጭ ያሉትን የቴሌግራም ቻናሎች ድምፃቸውን አጥፍቼ አርካይቭ ውስጥ ከትቻቸዋለሁ። ሲነገረኝ ቀላል የመሰለኝ ይህ ነገር መጀመሪያ ላይ ከብዶኛል፤ እጄ በራሱ ወደ ኪሴ ይሄዳል። ስልኩን ሌላ ክፍል ቻርጅ ላይ ሰክቶ መተው ይረዳል።

የተረፈው ጊዜ ባዶ ሆኖ ከቆየ ዜናው ተመልሶ ይገባበታል። ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። ረጅም ነገር ያስፈልገዋል፤ መጽሐፍ፣ ጸሎት፣ የእግር ጉዞ፣ ከልጅ ጋር የቤት ሥራ፣ ከአረጋውያን ጋር ጨዋታ። አባቶቻችን ሱባኤ ሲገቡ ወሬ ትተው ብቻ አልገቡም፤ የሚያነቡት መጽሐፍ፣ የሚቆሙበት ሰዓት ነበራቸው። ስለ አገራችን በጥልቀት ማወቅ የሚፈልግ ሰውም ከመቶ ሰበር ዜና ይልቅ ስለ መሬት ሥሪት፣ ስለ ፌደራሊዝም ወይም ስለ 1966ቱ አብዮት የተጻፈ አንድ ጥሩ መጽሐፍ ቢያነብ፣ የዛሬውን ዜና በደንብ የሚረዳው ያኔ ነው። ዜናው ስለ ሆነው ነገር ይነግረናል፤ ለምን እንደሆነ የሚነግረን ግን ብዙ ጊዜ ከሃያ ዓመት በፊት የተጻፈ ነገር ነው።

"አስቸኳይ ነገር ቢፈጠርስ?" የሚል ስጋት የመጨረሻው እንቅፋት ነው። ለዚህ አንድ ሰው ይበቃል። ከቤተሰብ ወይም ከጎረቤት መካከል ረጋ ያለ፣ ያየውንና የሰማውን ለይቶ የሚናገር፣ ወሬ የማያጋንን ሰው ምረጡ። ዛሬ ማታ ደውሉለት፤ "እኔ ዜና የማየው በቀን አንዴ ነው፤ እኛን የሚነካ፣ ዛሬውኑ አንድ ነገር ልናደርግበት የሚገባ ነገር ከተፈጠረ ግን ደውልልኝ" በሉት። እናንተም ለእሱ እንዲሁ ቃል ግቡለት። ከዚያ ማሳወቂያዎቹን አንድ በአንድ አጥፏቸው።